በኮምፒውተር ዳርት ጨዋታ ዒላማን በትክክል ለመምታት ምን ዘዴ አለ?

ጠያቂ (አምባሳደር አካባቢ)

ጤና ይስጥልኝ። ከሥራ ስወጣ አምባሳደር አካባቢ ወደሚገኝ አንድ ፕሌይስቴሽን ቤት ጎራ የማለት ልማድ አለኝ፤ እዚያ አብዛኛው ሰው ኳስ ሲጫወት እኔና ጥቂት የሥራ ባልደረቦቼ ግን ዳርት፣ ማለትም በቁጥር በተከፋፈለ ክብ ሰሌዳ ላይ ትናንሽ ቀስቶች የሚወረወሩበትን ጨዋታ ይዘናል። የምንጫወተው ከ501 ተነሥቶ ወደ ዜሮ የሚወርደውንና በደብል (ቁጥሩን እጥፍ በሚያደርገው የሰሌዳው ዳር ቀለበት) የሚጠናቀቀውን ዓይነት ነው። ማነጣጠሪያው ክብ በሰሌዳው ላይ ግራና ቀኝ፣ ላይና ታች በራሱ ይወዛወዛል፤ አንደኛው ቁልፍ ተጭኖ ሲያዝ ውዝዋዜው ለጥቂት ጊዜ ይቀንስና ከዚያ ብሶበት ይመለሳል፤ ሁለተኛው ቁልፍ ይወረውራል። ክቡ የ20ን ትሪፕል (ቁጥሩን ሦስት እጥፍ የሚያደርገውን ጠባብ ቀለበት) ሲያቋርጥ ጠብቄ ብለቅም ዳርቱ አብዛኛውን ጊዜ 1 ወይም 5 ላይ ይተከላል። ቤቴ በላፕቶፕ ስጫወት ደግሞ ማውሱ አንዳንዴ ካሰብኩት በላይ ይሮጣል፣ አንዳንዴም ይጎተታል። ይህ ነገር በልምምድ ብቻ የሚስተካከል ነው ወይስ ሊታወቅ የሚገባው ስልት አለው?

የፊዚክስ መምህር (ካዛንቺስ)

ጠያቂያችን፣ ነገሩ ያለው «ሲያቋርጥ ጠብቄ» ባሉት ላይ ይመስለኛል። ዥዋዥዌ ላይ የተቀመጠ ልጅ ከሁሉ የሚፈጥነው መሐሉን ሲያልፍ ነው፤ ጫፍ ደርሶ ሊመለስ ሲል ግን ለቅጽበት ይቆማል። በራሱ የሚመላለስ ማነጣጠሪያም ይህንኑ ጠባይ ያሳያል። የውዝዋዜውን መሐል ትሪፕሉ ላይ ካደረጉት፣ ክቡ ዒላማው ላይ የሚገኘው ልክ በፈጠነበት ሰዓት ስለሚሆን፣ ጣትዎ በጥቂቱ ቢዘገይ ዳርቱ ወደ ጎረቤት ቁጥር ያልፋል። ስለዚህ ክቡን በትንሹ ወደ ጎን ገፋ ያድርጉትና የውዝዋዜው ጫፍ ዒላማው ላይ እንዲያርፍ ያድርጉ፤ ከዚያም ሊመለስ ሲል ይልቀቁ። በዚያ ቅጽበት መዘግየትም መቸኮልም የሚያስከፍሉት ዋጋ ትንሽ ነው።

ጨዋታው በሁለት አቅጣጫ የሚወዛወዝ ከሆነ ደግሞ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ለመከታተል መሞከር ዓይንን ከማድከም በቀር ጥቅም የለውም። የትኛው አቅጣጫ እንደሚጎዳዎት መምረጥ ይሻላል። በእውነተኛው ሰሌዳ የትሪፕሉ ቀለበት ስፋት 8 ሚሊሜትር ብቻ ሲሆን፣ የአንዱ ቁጥር ክፍል በዚያ ቦታ ላይ ከጎን እስከ ጎን 32 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ የኮምፒውተር ሰሌዳዎችም በአመዛኙ ይህንኑ መጠን ይከተላሉ። 20 ከላይ መሐል ላይ ስለተቀመጠ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ቢስቱ ትሪፕሉ ያመልጥዎታል እንጂ 20ን አያጡም፤ ወደ ጎን ቢስቱ ግን 1 ወይም 5 ይጠብቅዎታል። እንግዲህ 20 ላይ ሲያነጣጥሩ የጎኑን ውዝዋዜ ይከታተሉ፣ የላይና ታቹን ቸል ይበሉት። በሰሌዳው ቀኝና ግራ ጎን ያሉት 6 እና 11 ላይ ነገሩ ይገለበጣል።

የማረጋጊያውን ቁልፍ በተመለከተ፣ ብዙ ሰው ገና ማነጣጠር ሲጀምር ይጫነውና ዒላማው ላይ ሲደርስ ጊዜው ያልቅበታል። ውዝዋዜው እንዳለ ሆኖ ክቡን መጀመሪያ ወደ ቦታው ይውሰዱት፤ ቁልፉን የሚጫኑት በመጨረሻው ምልልስ ላይ ብቻ ይሁን።

ጆይስቲክ ጠጋኝ (ፒያሳ)

መምህር የተናገሩት ትክክል ነው፤ ነገር ግን እጅን ከመውቀስ በፊት ዕቃውን መፈተሽ ይገባል። በጨዋታ ቤቶች የሚገኝ ጆይስቲክ ከብዙ እጅ ያለፈ በመሆኑ በዱላው ሥር ያለው ክፍል ይበላና ማንም ሳይነካው ክቡ ወደ አንድ ወገን መንሸራተት ይጀምራል። ይህን ለማወቅ ጣትዎን ከዱላው ላይ አንሥተው ክቡን ይመልከቱ፤ የጨዋታው ውዝዋዜ ሄዶ ይመለሳል፣ የተበላ ዱላ ግን ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ይስባል። በጨዋታው ማስተካከያ ውስጥ ዱላው በጥቂቱ ሲነካ ምላሽ የማይሰጥበትን ክልል መጨመር የሚቻል ከሆነ ችግሩ ይቀንሳል፤ ካልሆነ ሌላ ጆይስቲክ እንዲሰጥዎት ቤቱን ይጠይቁ።

ሁለተኛው ነገር ቴሌቪዥኑ ነው። በሰከንድ 60 ምስል የሚያሳይ ጨዋታ አንዱን ምስል ከሌላው የሚለየው 17 ሚሊሰከንድ ገደማ ሲሆን፣ ምስሉን ለማሳመር የሚሠራ ቴሌቪዥን ከዚህ ላይ ብዙ ምስሎች የሚያህል መዘግየት ሊጨምር ይችላል። እርስዎ የሚያዩት ክብ እንግዲህ ጨዋታው ከሚያውቀው ክብ ወደ ኋላ የቀረ ነው። አብዛኞቹ አዳዲስ ቴሌቪዥኖች ጌም ሞድ የሚባል ምርጫ ስላላቸው እሱን ማብራት መዘግየቱን ይቀንሳል፤ ይህን ሳያደርጉ ለዓመት ቢለማመዱ የሚለምዱት የዚያን ቤት ቴሌቪዥን እንጂ ጨዋታውን አይደለም።

የላፕቶፑ ማውስ ጉዳይ የተለየ ነው። ዊንዶውስ ላይ ኢንሃንስ ፖይንተር ፕሪሲሽን የሚለው ምርጫ ሲበራ ጠቋሚው የሚሄደው ርቀት በእጅዎ ፍጥነት ላይ ይመሠረታል፤ ስለዚህ እጅዎ አንድ ዓይነት ርቀት ቢሄድም ጠቋሚው አንድ ዓይነት አይሄድም። ጨዋታው ይህን ምርጫ የሚከተል ከሆነ፣ ያጥፉትና ከአዲሱ ጋር ለመላመድ ጥቂት ጊዜ ይስጡት።

የስታቲስቲክስ ተማሪ (አራት ኪሎ)

ከሁለቱም መልሶች ጋር እስማማለሁ፤ ሆኖም ጠያቂያችን የ20ን ትሪፕል ለምን እንደመረጡ ማንም አልጠየቃቸውም። 60 ነጥብ ስለሚያስገኝ ሁሉም ሰው ወደዚያ ያነጣጥራል፤ ነገር ግን ሰሌዳው የተደረደረው ዒላማውን ለሚስት ሰው እንዳይመች ሆኖ ነው። ከ19 ግራና ቀኝ ያሉት 7 እና 3 ናቸው፤ ድምራቸው 10 ሲሆን የ20 ጎረቤቶች ድምር ግን 6 ብቻ ነው። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ የአንድ ተጫዋች ስርጭት፣ ማለትም ዳርቶቹ ካነጣጠረበት ቦታ የሚበተኑበት መጠን፣ በስታንዳርድ ዴቪዬሽን (በመበታተን መለኪያ) ሲለካ ከ16.4 ሚሊሜትር በላይ ከሆነ የ19 ትሪፕል ከ20 ትሪፕል የበለጠ አማካይ ነጥብ ያስገኛል፤ ስርጭቱ እየሰፋ ሲሄድ ደግሞ ለማነጣጠር የሚሻለው ቦታ በግራ በኩል ወደ ሰሌዳው መሐል እየተጠጋ ይመጣል። 16 ሚሊሜትር የትሪፕሉ ቀለበት ስፋት እጥፍ መሆኑን ልብ ይበሉ፤ በስክሪን ላይም በዓይን መገመት ይቻላል።

ስለዚህ ነጥብ ሳይቆጥሩ ወደ መሐሉ ቡል ብቻ ደጋግመው ይወርውሩና ዳርቶቹ የተተከሉበትን ያስተውሉ። አንድ ላይ ተሰብስበው ነገር ግን ከቡሉ ወደ አንድ ወገን ያዘነበሉ ከሆነ፣ ምክንያቱ ጠጋኙ የጠቀሱት መዘግየት ወይም የተበላ ዱላ ሊሆን ስለሚችል ማነጣጠሪያዎን በዚያው መጠን ወደ ተቃራኒው መግፋት ይበቃል። አንዳንድ ጨዋታዎች ዳርቱ በበረራ ላይ ዝቅ እንዲል ስለሚያደርጉ፣ ሁሉም ወደ ታች ካዘነበሉ ይህንንም ይጠርጥሩ። በየአቅጣጫው ከተበተኑ ግን ጉዳዩ የመምህሩ የመልቀቂያ ጊዜ ነው፤ እሱ እስኪስተካከል ድረስ 19 ላይ ቢጫወቱ ይሻልዎታል።

ጠያቂ (አምባሳደር አካባቢ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዱላውን ለቅቄ ስመለከተው ክቡ በግልጽ ወደ ግራ ይሄዳል፤ ባለቤቱም ሌላ ጆይስቲክ ሰጥተውኛል። አንድ ነገር ልጨምር፦ ወደ መጨረሻው ስደርስ ደብሉን ለመምታት ተጋጣሚዬ እስኪቀድመኝ ድረስ እቆያለሁ። የቱን ደብል ባስቀር ይሻላል?

የስታቲስቲክስ ተማሪ (አራት ኪሎ)

32ን ያስቀሩ። የ16ን ደብል ስተው ወደ ውስጥ ነጠላውን 16 ቢመቱ 16 ይቀርዎታል፤ ይህም የ8 ደብል ነው። እሱንም በዚያው መንገድ ቢስቱ 8፣ ከዚያ 4፣ ከዚያ 2 ይቀራል፤ ሁሉም በአንድ ዳርት የሚዘጉ ናቸው። በጎዶሎ ቁጥር ላይ ከቀሩ ግን ቁጥሩን ሙሉ ለማድረግ አንድ ተጨማሪ ዳርት ያባክናሉ። በተጨማሪም ደብሉ በሰሌዳው ዳር ስላለ ወደ ውጭ ቢስቱ ነጥብዎ አይለወጥም፤ ስለዚህ የ16ን ደብል ሲያነጣጥሩ የውዝዋዜውን ጫፍ ከቀለበቱ ወደ ውጭ በጥቂቱ እንዲያደላ ቢያደርጉት፣ ቢስቱም እዚያው 32 ላይ ሆነው እንደገና ይሞክራሉ።

የፊዚክስ መምህር (ካዛንቺስ)

16 በሰሌዳው ግራ ታችኛ ክፍል በሰያፍ ስለተቀመጠ እዚያ ላይ ሁለቱም አቅጣጫዎች ይጎዳሉ። የማረጋጊያውን ቁልፍ ከየትኛውም ቦታ በላይ ለእሱ ይቆጥቡት።