አስቸኳይ፦ የሦስተኛ ደረጃ ስሎት እያለኝ ፋየርቦል ለምን እከለከላለሁ?

ሌሊት_ወፍ፦
ጨዋታው ለ20 ደቂቃ ዕረፍት ቆሟል፤ ከዚያ በፊት መልስ እፈልጋለሁ። ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የተባለው የምናብ ጨዋታ ነው፣ አምስተኛው እትም። የገጸ ባሕርይዬ ጠቅላላ ደረጃ 5 ነው። ሁለት ሙያ ስላላት ሰንጠረዡን ተመልክቼ ሁለት የሦስተኛ ደረጃ ስሎት (ድግምት ሲደገም የሚወጣ የኃይል ድርሻ) እንዳላት አረጋግጫለሁ። አሁን ፋየርቦል የተባለውን የእሳት ድግምት አግኝቼ በድግምት መጽሐፏ ልገለብጠው ስል የጨዋታው መሪያችን «አይቻልም» አለ። ስሎቱ በእጄ ነው፣ ድግምቱም በእጄ ነው፣ ታዲያ ምን ቀረኝ? ስድስት ኦርኮች (አውሬ መሰል ጠላቶች) በሩን በመጥረቢያ እየፈለጡት ነው። እባካችሁ ቶሎ።

የድሮው_መሪ፦
ወንድሜ፣ መሪህ ልክ ነው፤ ለምን ልክ እንደሆነ ካልገባህ ግን ነገም ይህንኑ ጥያቄ ይዘህ ትመለሳለህ። የችግሩ ሥር ቃሉ ነው። ሦስት የተለያዩ ነገሮችን «ደረጃ» በሚል አንድ ቃል እንጠራለን፦ የገጸ ባሕርይህን ጠቅላላ ደረጃ፣ በእያንዳንዱ ሙያ የደረሰችበትን ደረጃ፣ የድግምቱንና የስሎቱን ደረጃ። እኔ በምመራው ጠረጴዛ የመጨረሻውን «እርከን» ብለን ከለየነው ወዲህ ይህ ክርክር ተነሥቶ አያውቅም።

በዚሁ ላስረዳህ። የስሎቶችህ ብዛት የሚወሰነው የሙያዎችህ ደረጃ ተደምሮ ነው። የምታውቃቸውና የምታዘጋጃቸው ድግምቶች ግን ለእያንዳንዱ ሙያ ለየብቻ፣ ሌላው ሙያ ጨርሶ እንደሌለ ተቆጥሮ ይወሰናሉ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2014 የወጣው የተጫዋቾች መጽሐፍ ራሱ ምሳሌ ይሰጣል፦ በሬንጀር ሙያ 4፣ በዊዛርድ ሙያ 3 የደረሰ ሰው (የሬንጀር ደረጃ በግማሽ ስለሚደመር 2 ሲደመር 3) እንደ አምስተኛ ደረጃ ደጋሚ ተቆጥሮ ሁለት የሦስተኛ እርከን ስሎት ያገኛል፤ የሚያውቀው የሦስተኛ እርከን ድግምት ግን አንድም የለም። ወደ መጽሐፍህ መገልበጥ የምትችለውም ልታዘጋጅ የምትችለውን እርከን ብቻ ነው።

ሙያዎቹን አልነገርከንም። ከመካከላቸው ዋርሎክ ካለ ድምሩም ይፈርሳል፤ የዋርሎክ ስሎት ከሌሎቹ ጋር አይደመርም፣ ለብቻው ተቆጥሮ በአጭር ዕረፍት ይመለሳል።

ማለዳ፦
የምታውቀውን ዝቅተኛ ድግምት በከፍተኛው ስሎት ድገመው። ስሎቱ የተሰጠህ ለዚህ ነው።

ባለሰይፉ፦
ስድስት ኦርክ? በሩን ክፈቱላቸውና የድሮው_መሪን መልስ ከላይ እስከ ታች አንብቡላቸው፤ ሦስቱ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል፣ ሦስቱ ተምረው ይወጣሉ። ለማንኛውም አንድ ነገር ንገረን፤ ያ ፋየርቦል የተገኘው ምን ላይ ነው? የሌላ ዊዛርድ መጽሐፍ ነው ወይስ ጥቅልል?

ሌሊት_ወፍ፦
ዊዛርድ 3፣ ክሌሪክ 2። የ2014ቱ እትም ነው። እኅታችሁ ነኝ እንጂ ወንድማችሁ አይደለሁም። 14 ደቂቃ ቀርቶኛል።

ቁጥር_ወዳጅ፦
እኔ ከጥያቄው መነሻ ጋር ነው የማልስማማው። የሦስተኛ ደረጃ ስሎት ከየት መጣ? የዊዛርድ 3 ስሎት አራት የአንደኛና ሁለት የሁለተኛ ነው። የክሌሪክ 2 ስሎት ሦስት የአንደኛ ነው። ደምሪው፦ ሰባት የአንደኛ፣ ሁለት የሁለተኛ። የሦስተኛ የሚባል በዚህ ውስጥ የለም። መሪሽ መከልከል የነበረበት ስሎቱን ራሱን ነው።

ሰባተኛ_በር፦
ቁጥር_ወዳጅ፣ የምትደምረው ስሎቱን ሳይሆን ደረጃውን ነው። ሦስትና ሁለት አምስት፤ ከዚያ በጣምራ ሙያ ሰንጠረዡ አምስተኛውን ረድፍ ታያለህ። አራት የአንደኛ፣ ሦስት የሁለተኛ፣ ሁለት የሦስተኛ። እኅታችን በትክክል ነው የቆጠረችው። አንተ ያልከው ሂሳብ ብዙዎቻችን መጀመሪያ ስንጫወት የሠራነው ነው፤ በእኔ ጠረጴዛ አንድ ልጅ ወሩን ሙሉ በሰባት የአንደኛ ስሎት ሲጫወት ማንም ልብ አላለም ነበር።

ሌሊት_ወፍ፣ ሁለቱን ስሎቶች እንዲህ ተጠቀሚባቸው። በዊዛርድነትሽ የሁለተኛ እርከን ድግምት ይፈቀድልሻል፤ ሻተር በመጽሐፍሽ ካለና ካዘጋጀሽው በሦስተኛው ስሎት ሦስት የነበረው ባለ ስምንት ገጽ ዳይስ አራት ይሆናል፣ በሩ ሥር የተጨናነቁትን ኦርኮችም በአንድ ጊዜ ይመታል። ማጂክ ሚሳይል በዚሁ ስሎት አምስት ፍላጻ ይወረውራል፤ አይስትም። ጓደኛሽ ቢወድቅ ደግሞ በክሌሪክነትሽ ያዘጋጀሽው ኪዩር ዉንድስ በሦስተኛው ስሎት ሦስት ባለ ስምንት ገጽ ዳይስ ይፈውሳል። እዚያ ላይ ግን የምትደምሪው ከጥበብሽ የሚገኘውን ጭማሪ እንጂ ከማሰብ ችሎታሽ የሚገኘውን አይደለም፤ እያንዳንዱ ድግምት የተማርሽበትን ሙያ ችሎታ ይከተላል።

ማለዳ፦
እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው። ዝቅተኛውን ድግምት በከፍተኛው ስሎት።

ቁጥር_ወዳጅ፦
መጽሐፉን ገልጬ አየሁት፤ ሰባተኛ_በር ልክ ነው። ያም ሆኖ ደንቡ አስቸጋሪ ነው። የማይገባበትን በር ቁልፍ መስጠት ምን ማለት ነው?

የድሮው_መሪ፦
ሚዛን ለመጠበቅ ነው። ሁለት ሙያ የመረጠ ሰው ኃይሉ እንዳይነጥፍ ስሎቱ ያድግለታል፤ በአንዱ ሙያ ብቻ የጸና ሰው ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ ፋየርቦል ያገኛል። ዊዛርድ 5 የሆነ ጓደኛ አጠገብሽ ቢኖር አንቺ በሁለት ቦታ ተከፍለሽ በእኩል ሰዓት ያንኑ ብትይዢ፣ እሱ ምን አተረፈ? ይህን ደንብ በጣም የምወደው ለዚህ ነው።

ባለሰይፉ፦
ጥያቄዬ አልተመለሰም! መጽሐፍ ነው ወይስ ጥቅልል?

ሌሊት_ወፍ፦
ጥቅልል ነው። ከሟቹ የኦርኮች አለቃ ቦርሳ ውስጥ ነው ያገኘነው። ለውጥ አለው? የማሰብ ችሎታዬ 16 ነው፣ የሚያስፈልግ ከሆነ።

ባለሰይፉ፦
እንዴት ለውጥ አይኖረውም! አትገልብጪው፤ አንብቢው!

መገልበጥ ለእያንዳንዱ እርከን 2 ሰዓትና 50 የወርቅ ሳንቲም ይጠይቃል። ለፋየርቦል 6 ሰዓትና 150 ወርቅ ማለት ነው፤ ኦርኮቹ ይህን ያህል ጨዋ አይደሉም። ደንቡ ቢፈቅድልሽ እንኳ ጥቅልሉ ሲገለበጥ ይጠፋል፤ መገልበጡ ቢሳካም ባይሳካም።

ማንበብ ግን ትችያለሽ፤ ፋየርቦል በዊዛርድ ዝርዝር ውስጥ ያለ ድግምት ነውና። ከአቅምሽ በላይ ስለሆነ ባለ 20 ገጹን ዳይስ ጥለሽ የማሰብ ችሎታሽን ትደምሪያለሽ። የሚፈለገው 10 ሲደመር የድግምቱ እርከን፣ ማለትም 13 ነው። በ16 ችሎታ 3 ስለምትጨምሪ ዳይሱ 10 ወይም ከዚያ በላይ ይምጣልሽ እንጂ ሌላ አያስፈልግም። ከሃያው ገጽ አሥራ አንዱ የአንቺ ነው፤ 55 በመቶ። ካልተሳካ ጽሑፉ ከጥቅልሉ ይጠፋል፣ ሌላ ጉዳት የለውም።

ከተሳካ ስሎት አይበላም፤ ሁለቱም የሦስተኛ ስሎቶችሽ ለሻተር ይቀራሉ። ኦርኮቹ ለማምለጥ ማግኘት ያለባቸው ቁጥር ደግሞ የጥቅልሉ 15 ነው፤ በራስሽ ብትደግሚው የአንቺ 14 ነበር። ስምንት ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ በአማካይ 28 ጉዳት ያደርሳል። ተራ ኦርክ 15 የሕይወት ነጥብ ነው ያለው፤ ያላመለጠ ሁሉ አለቀለት፣ ያመለጠውም ግማሹ ጉዳት ስለሚደርስበት ቆሞ ለመቅረቱ ዋስትና የለውም። እሳቱ ከመሃሉ 20 ጫማ ዙሪያውን ይሸፍናልና ጓደኞችሽን ከበሩ አርቂ። ይህን አደራ።

የድሮው_መሪ፦
ጥሩ መልስ ነው። አንድ ነገር ልጨምር፤ «ከአቅም በላይ» የሚለውን አንዳንድ መሪዎች በስሎቱ ይለኩታል፣ ስሎቱ ካላት ዳይስ መጣል አያስፈልጋትም ይላሉ። እኔ በምታዘጋጀው ድግምት እለካዋለሁ፣ ዳይሱንም አስጥላለሁ። መሪሽን ከመጣልሽ በፊት ጠይቂው እንጂ ከጣልሽ በኋላ አትከራከሪው።

ሌሊት_ወፍ፦
ጠየቅሁት፤ 13 አለ። ጓደኞቼ ወደ ኋለኛው ግድግዳ ሸሽተዋል። በሩ ተሰንጥቆ የአንዱ ኦርክ እጅ ገብቷል፣ ጥቅልሉን ፈትቼ ይዤዋለሁ። ዕረፍቱ አለቀ፤ ልጥል ነው። ተመልሼ እነግራችኋለሁ።

ጋሻ_ያዥ፦
ይቅርታ፣ በዚሁ ልግባና፣ የእኔ ገጸ ባሕርይ ፓላዲን 3 ሶርሰረር 2 ነው። መሪያችን በአንድ ሳምንት ልዩነት ሁለት የተለያየ የስሎት ቁጥር ሰጠኝ። የትኛውን ልጻፍ?

ባለሰይፉ፦
ሌሊት_ወፍ፣ ሁለት ቀን ሆነ። ስንት መጣ?

ሰባተኛ_በር፦
ጋሻ_ያዥ፣ መሪህ ሁለት መጽሐፍ እያቀያየረ ሳይሆን አይቀርም። የፓላዲን ደረጃ በግማሽ ነው የሚደመረው። በ2014ቱ ግማሹ ወደ ታች ስለሚጠጋጋ 3 እንደ 1 ይቆጠራል፤ ከሶርሰረሩ 2 ጋር ሦስተኛው ረድፍ፣ አራት የአንደኛና ሁለት የሁለተኛ ስሎት። በ2024ቱ ወደ ላይ ስለሚጠጋጋ 2 ይሆናል፤ አራተኛው ረድፍ፣ አራት የአንደኛና ሦስት የሁለተኛ። ጠረጴዛችሁ የሚጫወተው በየትኛው መጽሐፍ እንደሆነ ጠይቀውና ያንን ጻፍ። ድግምቶቹን ግን በሁለቱም መጽሐፍ ለየብቻ ቁጠራቸው፤ ፓላዲን 3 እና ሶርሰረር 2 የሚያውቁት የአንደኛ እርከን ብቻ ነው።