ግፊት ላለበት የ58 ዓመት ሰው፦ ቤዛዊት መሮጥ ወይስ ጣና ዳር መራመድ?

የዘንባባ ጥላ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ 58 ዓመታቸው ነው። ለግፊት አምሎዲፒን 5 ሚሊግራምና አቴኖሎል 50 ሚሊግራም ይወስዳሉ፤ አሁን 135/85 አካባቢ ነው። ሐኪሙ «ስፖርት ይሥሩ» ብሏቸዋል፣ የት፣ ምን ያህል የሚለው ግን አልተነገራቸውም። ጓደኞቻቸው ጠዋት ጠዋት እዚህ ባሕር ዳር ቤዛዊት ኮረብታ ስለሚሮጡ አብረን እንውጣ እያሉ ይጎተጉቷቸዋል። የእጅ ሰዓታቸው ደግሞ የልብ ምት 120 ካልደረሰ አይሆንም ይላል፤ እሳቸው የቻሉትን ያህል ቢፈጥኑም ከ100 አያልፍም። ምን ትላላችሁ?

ፈለገ ጤና
ሰዓቱን አውልቀው ያስቀምጡት። ስሌቱ ከ220 ላይ ዕድሜን ይቀንሳል፤ ለአባትህ ከፍተኛው የልብ ምት 162 ይመጣል። የዚያን ከ64 እስከ 76 በመቶ «መካከለኛ» ይለዋል፣ ከ104 እስከ 123 መሆኑ ነው። አቴኖሎል ግን ሥራው ራሱ የልብን ምት መቀነስ ነው። ልባቸው በደንብ እየሠራም ቁጥሩ ዝቅ ይላል፤ 120 ለማድረስ ከታገሉ ከልክ በላይ ይደክማሉ። ለስፖርት ብሎ መድኃኒቱን ማቋረጥ ደግሞ አይታሰብም። በድንገት ሲቆም ምቱም ግፊቱም ይወረወራል፣ የደረት ሕመምም ሊያስነሳ ይችላል።

የሳቸው መለኪያ ወሬ ነው። እየተራመዱ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ማውራት ችለው መዝሙር መዘመር ካቃታቸው ልኩ እሱ ነው። ሁለት ቃል ተናግረው ትንፋሽ የሚስቡ ከሆነ ይቀንሱ። መዝሙሩ እስከ ዳር ከወጣላቸው ሽርሽር ላይ ናቸው!

መጀመሪያ ሜዳው፣ ማለትም ሐይቁ ዳር ያለው መንገድ። በሳምንት 5 ቀን፣ 15 ደቂቃ። የመጀመሪያው 5 ደቂቃ ቀስ ብሎ፣ መካከሉ ፈጠን፣ የመጨረሻው 5 ደቂቃ እንደገና ቀስ። ከሁለት ሳምንት በኋላ በየሳምንቱ 5 ደቂቃ ይጨምሩ፤ 30 ደቂቃ ሲደርሱ በሳምንት 150 ደቂቃ ሞላ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው ዝቅተኛው ልክ ነው። ብዙ ሰው የሚስተው መጨረሻውን ነው፦ ፈጥኖ መጥቶ ቀጥ ብሎ ይቆማል። እግር ላይ ያለው ደም የሚመለሰው የባት ጡንቻ ሲገፋው ነው፤ ባቱ ሲቆም ደሙ ታች ይቀራል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ ዓይን ይጨልማል። አምሎዲፒን የደም ሥር ስለሚያሰፋ ይህ ይብስባቸዋል።

ቤዛዊት የሚመጣው 30 ደቂቃው ሲቀልላቸው ነው፤ ያኔም በእርምጃ እንጂ በሩጫ አይደለም። ጓደኞቹ ይቀየሙ።

ጉልበት ያለው
በዚህ ሁሉ እስማማለሁ፣ ግን እርምጃ ብቻ አይበቃም። በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻ መሥራት ያስፈልጋል፤ ጂም መግባት ግዴታ አይደለም። ከወንበር ተነስቶ መቀመጥ 10 ጊዜ፣ ግድግዳ ተደግፎ ፑሽ አፕ 10 ጊዜ፣ ውሃ የሞላች ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ክንድን እያጠፉ ማንሳት በየእጁ 10 ጊዜ። አንድ ደቂቃ አርፎ መድገም።

የሚያበላሸው ትንፋሽ መያዝ ነው። ትንፋሽ ታምቆ ሲታገሉ ግፊቱ በሰከንዶች ውስጥ ሽቅብ ይተኮሳል። ፊታቸውን እይ፦ ጉንጫቸው ከተነፋና የአንገታቸው ሥር ከተገተረ አምቀዋል ማለት ነው። ሲነሱ በአፍ «ፉፉፉ» ብለው ያስወጡ፣ ሲቀመጡ ይሳቡ። ጮክ ብለው እንዲቆጥሩ ማድረግ ቀላሉ ዘዴ ነው፤ እየቆጠሩ ማመቅ አይቻልም።

ጉልበታቸውን የሚያማቸው ከሆነ ብስክሌት ይሻላል፤ ከተማችን ሜዳ ነው። ኮርቻው ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበት ትንሽ ታጥፎ እስኪቀር ድረስ ከፍ ይበል።

የዘንባባ ጥላ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጾም ላይስ? እስከ 9 ሰዓት ውሃም አይቀምሱም። ጣና ውስጥ መዋኘትስ?

ወተት አባይ
ዋናውን ይተውት። ጣና ዙሪያ ቢልሃርዝያ አለ፤ ትሉ በደቂቃዎች ውስጥ በቆዳ ይገባል፣ ወጥቶ መታጠብ አያስጥልም። ጉማሬውም አለ። በደንብ የተያዘ የመዋኛ ገንዳ ካገኙ ግን ለልብ ጥሩ ነው።

በአዘቦት ቀን ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ይውጡ፤ አየሩም ቀዝቃዛ ነው፣ የባጃጅ ጭስም ገና አልበዛም። መጋቢትና ሚያዝያ ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ፀሐዩ አይቻልም። በጾም ግን ይገልብጡት፦ በ9 ሰዓት በልተውና ውሃ ጠጥተው፣ አመሻሽ 11 ሰዓት ላይ ይራመዱ። ውሃ ሳይጠጡ፣ የግፊት መድኃኒት ውጠው፣ ላብ ማውጣት ማዞር ያመጣል። የመድኃኒቱን ሰዓት ለጾም ማዛወር ካስፈለገ ሐኪሙን ይጠይቁ፣ በራሳቸው አይዝለሉ። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ነገሩ ሌላ ነው፤ ባዶ ሆዱን ከተራመደ ስኳሩ ሊወርድበት ይችላል።

ፈለገ ጤና
አንድ የረሳሁት። ቤት ውስጥ መለኪያ ካለ ከመውጣታቸው በፊት 5 ደቂቃ ተቀምጠው ይለኩ፤ 180/110 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ የዚያን ቀን እርምጃ ይቅርና ሐኪም ይታዩ። እየሄዱ ደረት ላይ እንደ ድንጋይ የሚጫን ነገር፣ ወደ ግራ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም፣ ቀዝቃዛ ላብ ወይም ራስን የመሳት ስሜት ከመጣ «እየተራመድኩ ይለቀኛል» አይባልም። ባሉበት ይቀመጡ፤ ቤት ሳይሉ በቀጥታ ሆስፒታል ይወሰዱ። ስለዚህ ስልክ ይያዙ፣ ብቻቸውንም አይውጡ።

አብረው የሚሮጡ ወጣቶች ካሉም፦ በልጅነቱ መገጣጠሚያው አብጦበት የነበረና አሁን ዳገት ላይ ከእኩዮቹ በፊት ትንፋሽ የሚያጥረው ልጅ በሩጫ ብዛት አይድንም። ከቶንሲል የሚመጣው የልብ ሕመም በአገራችን ብዙ ነው፣ የልብን በር (ቫልቩን) የሚያጠበው ዓይነት ደግሞ ልብ በፈጠነ ቁጥር ሳንባን በውሃ ይሞላል። እሱ መጀመሪያ የልብ አልትራሳውንድ ይነሳ።