ዓሣና አትክልት በአንድ ውሃ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ይሆናል?

የጠባሴዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን ጠባሴ አካባቢ ነው የምኖረው። ከቤቱ ጀርባ ጠበብ ያለች ግን ፀሐይ በደንብ የምታገኝ ግቢ አለችኝ። አኳፖኒክስ የሚሉትን ነገር ቪዲዮ ላይ ካየሁ ወዲህ ልቤ ሸፍቷል፤ ዓሣው ሮቶ ውስጥ ይኖራል፣ የቆሸሸው ውሃ በፓምፕ ወደ አትክልቱ ይወጣል፣ አትክልቱ ምግቡን ወስዶ ንጹሑን ይመልሳል፣ እንዲህ እየዞረ ይኖራል ነው የሚሉት። የዝናብ ውሃ የማጠራቅምበት ባለ 1000 ሊትር ሮቶ አለኝ። ያሰብኩት ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚሉትን ዓሣ) አስገብቼ ከላይ ሰላጣና ቆስጣ ልተክል ነው፤ ለሁዳዴ ከደረሰልኝማ ገዢ አላጣም። (በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ እንዳትከፍቱብኝ፣ በናታችሁ።) ስንት ዓሣ ልያዝ? ከየትስ ላምጣው? መብራት ሲጠፋስ ምን ይደረጋል? ብሩ ብዙ አይደለም፣ በትንሹ ነው መጀመር የምፈልገው።

ከሮቢት፦
እህቴ፣ ስንት ዓሣ ከማለትሽ በፊት ውሃሽ ስንት ዲግሪ ላይ እንደሚያድር እዪ። ቆሮሶ የቆላ ፍጡር ነው። ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሲሆንለት ይበላል፣ ያድጋል። ከ17 በታች ሲወርድበት መብላት ያቆማል፣ ወደ 10 ከወረደ ደግሞ ይሞታል። እናንተ ያላችሁት 2800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከተማችሁ በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ የታወቀችው በከንቱ አይደለም፣ ለዓሣ የሚሆን ብርድ ልብስ ግን እስካሁን አልሠሩም።

ብዙ ውሃ በአንድ ሌሊት ቶሎ አይበርድም፣ እሱ እውነት ነው። ግን ብዙ ውሃ የሚያደርገው የቀኑንና የሌሊቱን አማካይ ይዞ መቀመጥ ነው፣ የደብረ ብርሃን አማካይ ደግሞ 15 እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ዓሣሽ ባይሞትም ሳይበላ ቁጭ ይላል። የሁዳዴውን ነገር ደግሞ አስቢው፤ ቆሮሶ ሙቀቱ ተመችቶት እንኳ ግማሽ ኪሎ ለመድረስ ከ6 እስከ 8 ወር ይፈልጋል፣ ለሁዳዴ የሚደርሰው ዓሣ ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራትም ማደግ አለበት፣ ያ ማለት ልክ ውርጩ በሚወርድበት ጊዜ።

እኔ ሸዋ ሮቢት ነኝ፣ 1300 ሜትር አካባቢ። የእኛ ችግር የተገላቢጦሽ ነው። ውሃ ሲሞቅ ኦክስጅን የመያዝ አቅሙ ስለሚቀንስ በሚያዝያና በግንቦት ሮቶውን ጥላ ውስጥ ካላስገባን ዓሣው ጠዋት ጠዋት አፉን ውሃው ላይ አውጥቶ ይጠብቀናል።

የጠባሴዋ፦
ወይ ጉዴ፣ ስለ ብርዱ ማንም ቪዲዮ ላይ አላወራም። ታዲያ ልተወው ነው? ደግሞ አንዳንዶቹ ስለ ባክቴሪያ ያወራሉ፣ እሱስ ከየት ነው የሚገዛው?

ጋሼ ቧንቧ፦
የኔ ልጅ፣ ባክቴሪያ አይገዛም፣ ራሱ ይመጣል። ዋናው ሥራም እሱ ነው እንጂ ዓሣው አይደለም። ዓሣ በስንጥቡና በኩሱ አሞኒያ ይለቃል፣ አሞኒያ ደግሞ መርዙ ነው። አንዱ ዓይነት ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል፣ እሱም መርዝ ነው። ሌላው ያንን ወደ ናይትሬት ይቀይረዋል፣ አትክልቱ የሚወደው ይሄንን ነው። እነዚህ ሁለቱ አትክልቱ የሚተከልበት ጠጠር ላይ ተለጥፈው እስኪበዙ ድረስ ሳምንታት ይፈጃሉ፣ በሙቀት ቦታ ከ4 እስከ 6፣ በእናንተ ብርድ ከዚያም በላይ፤ ምክንያቱም ብርድ እነሱንም ያደነዝዛቸዋል። ሰው ሁሉ የሚቸኩለው እዚህ ጋ ነው። ሮቶ ዛሬ ሞልቶ ነገ ዓሣ ይጨምርና በሳምንቱ ሁሉም ተገልብጦ ሲያገኘው ውሃውን ይረግማል።

እና እንዲህ አድርጊ። ዓሣ ሳታስገቢ ውሃውን አዙሪው፣ በየቀኑ ቁንጥር መኖ ጣል አድርጊበት፣ እሱ ሲበሰብስ አሞኒያ ይወጣዋል፣ ባክቴሪያው በዚያ ይራባል። አዲስ አበባ የጌጥ ዓሣ የሚሸጡ ሱቆች መለኪያ አላቸው፣ እዚያ ስትሄጂ ያዢ። አሞኒያውም ናይትራይቱም በሊትር ከ1 ሚሊ ግራም ወርዶ ናይትሬት መታየት ሲጀምር ያኔ ዓሣ አምጪ። የቧንቧ ውሃ ከሆነ ክሎሪኑ እንዲወጣ አንድ ሁለት ቀን ክፍቱን አሳድሪው፣ ክሎሪን ለባክቴሪያው አይራራም።

አሁን ወደ ሙያዬ ልምጣ። የአትክልቱ ገንዳ ጥልቀቱ 30 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ጠጠሩ ከ8 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው፣ ቀዩ ቀላል ድንጋይ፣ ሬድ አሽ የሚሉት፣ ከተገኘ ደግሞ በክብደቱም በቀዳዳዎቹም ይመረጣል። ከመግዛትሽ በፊት ጥቂት ፍሬ ወስደሽ አቼቶ አፍስሺበት፤ ከፈላና አረፋ ካወጣ የኖራ ድንጋይ ስለሆነ ተዪው፣ ፒኤችሽን፣ የውሃውን የአሲድነት መለኪያ ማለቴ ነው፣ እየሰቀለ ያስቸግርሻል። በቆርቆሮ የተሠራ በርሜልም ገንዳም ይቅርብሽ፣ ዚንኩ ለዓሣ መርዝ ነው። ኬሚካል የነበረበትን በርሜል ማንም «አጥቤዋለሁ» ብሎ ቢሰጥሽ እንዳትቀበዪ። ያቺ ቪዲዮ ላይ የምትታየው ውሃ የምትሞላና በራሷ የምትደፋ ሳይፈን ቆንጆ ናት ግን ለጀማሪ ራስ ምታት ናት፣ በቀላሉ ቁመቷ 25 ሳንቲ ሜትር የሆነች ማፍሰሻ ትቦ አቁሚና ውሃው ሁሌ ይፍሰስ።

መብራትን በተመለከተ፣ ዓሣ አታብዢ። መልሱ ያ ነው። በ1000 ሊትር ሲያድጉ 10 ኪሎ የሚሆኑ ዓሣዎች ብቻ ካሉሽ መብራት ሲሄድ ጊዜ ይሰጡሻል፣ በጆግ እየቀዳሽ ከፍ አድርገሽ እያፈሰስሽ እንኳ ታቆያቸዋለሽ። የጠረቀሙበት ሮቶ ግን በሰዓታት ውስጥ ያልቃል። አቅሙ ሲኖርሽ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ግዢ።

ቆላና ደጋ፦
ከሮቢት የጻፈውን አልቀበልም፣ ወይም ግማሹን ብቻ። ደጋ ላይም ይሆናል። ሮቶውን ግማሽ ድረስ መሬት ውስጥ ቅበሪ፣ ዙሪያውን ጭድ ጠቅጥቂበት፣ ከላዩ የላስቲክ ቤት ሥሪ፣ ውሃው ላይ ደግሞ ማታ ማታ ክዳን አድርጊ። ሙቀት በብዛት የሚያመልጠው ከውሃው ገጽ ነው። ደግሞ ቆሮሶ ብቻ ነው ያለው ያለው ማነው? ካርፕ የሚባለው ዓሣ ብርድ ይችላል፣ 4 ዲግሪ ድረስ ወርዶም አይሞትም። አትክልቱ በኩልማ እናንተ ትበልጣላችሁ፤ ሰላጣና ቆስጣ ቀዝቀዝ ያለ አየር ነው የሚወዱት፣ ሮቢት ላይ ሰላጣ ሳይጠቀለል አበባ ያወጣል።

ከሮቢት፦
ሰላጣው ላይ ረትተኸኛል። ካርፑም ይሁን። ግን «አይሞትም» እና «ያድጋል» ለየብቻ ናቸው፣ ካርፕም ደህና አድርጎ የሚበላው ከ20 በላይ ሲሆን ነው። ያልበላ ዓሣ ኩስ የለውም፣ ኩስ ከሌለ አትክልቱ ምን ይበላል? ሁሉም ነገር ከመኖው ነው የሚጀምረው። ለቅጠላ ቅጠል ሒሳቡ በአንድ ካሬ ሜትር ገንዳ በቀን ከ40 እስከ 50 ግራም መኖ ነው። 200 ግራም የሚበላ ዓሣ ካለሽ 4 ካሬ ትተክያለሽ፣ 50 ግራም ብቻ ከበላ አንድ ካሬ ነው የሚበቃሽ። በብርዱ ወራት 4 ካሬ ዘርግተሽ ቅጠሉ ቢገረጣ ጥፋቱ የዘሩ አይደለም ማለቴ ነው።

የላስቲክ ቤቱም ቀን ላይ እሳት ነው፣ ሌሊት ላይ ግን ነጠላ ላስቲክ ብዙም አይከላከልም። ጭዱና ክዳኑ ናቸው ሥራ የሚሠሩት።

ቆላና ደጋ፦
እሱን ነው እኮ ያልኩት።

የጠባሴዋ፦
እሺ አትጣሉብኝ። መኖው እንዴት ነው? የዶሮ መኖ ይሆናል? ጋሼ፣ በጣም ነው የማመሰግነው፣ የአቼቶዋን ነገር ዛሬውኑ ሞከርኩ፣ ጠጠሩ ዝም አለ።

ጋሼ ቧንቧ፦
ዝም ካለማ ጥሩ ጠጠር ነው።

ከሮቢት፦
የዶሮ መኖ ብቻውን አይሆንም፣ ፕሮቲኑ ያንሳል፣ የዓሣው ወደ 30 በመቶ መጠጋት አለበት። የኑግ ፋጉሎ ከፉርሽካ ጋር እየቀላቀሉ ይሰጣሉ፣ ትል የምታራቢ ከሆነ ደግሞ በጣም ጥሩ። ግን የቤት ድብልቅ ውሃ ውስጥ ቶሎ ይበተናል፣ የተበተነው ይበሰብሳል፣ አሞኒያ ይሆናል። በጥቂቱ ስጪ፣ በ20 ደቂቃ ያላነሳውን አውጪው። ለመጀመሪያው ጊዜ ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን የዓሣ መኖ ብትገዢ ይሻላል፣ ውድ ነው ግን ትንሽ ነው የሚበሉት።

ሌላው፣ ቅጠል ላይ ተባይ ብታዪ ማላታይን ምናምን የሚሉትን የተባይ መድኃኒት እንዳትረጪ። ጎረቤትሽ ለጎመኑ ሲረጭም ሮቶውን ሸፍኚው። ፒኤችሽ ከ6 እስከ 7 ይቆይ፤ ባክቴሪያው በሠራ ቁጥር እየወረደ ይሄዳል፣ ያኔ የእንቁላል ቅርፊት ፈጭተሽ በጨርቅ ቋጥረሽ ውሃው ውስጥ ስቀዪ። ከፍ ብሎ አልወርድ ካለሽ ደግሞ ሎሚ እንዳትጨምቂበት፣ የሎሚ አሲድ ባክቴሪያውን ይጎዳዋል።

የጠባሴዋ፦
እንግዲህ እንዲህ ወሰንኩ። መጀመሪያ ቴርሞሜትር። ሮቶውን እቀብራለሁ፣ ጭዱ ከገጠር ከቤተሰብ ይመጣል። አንድ ካሬ ገንዳ ብቻ ሠርቼ ዓሣ ሳላስገባ ውሃውን ሳዞር እከርማለሁ፣ ብርዱ ሲያልፍ ካርፕ አመጣለሁ። የሁዳዴውን ረስቼዋለሁ። የዓሣ ጫጩቶቹ ከየት እንደሚገኙ ግን ማንም አልነገረኝም!

ቆላና ደጋ፦
ሰበታ ያለው የዓሣ ምርምር ማዕከል ጠይቂ፣ ባቱም (ዝዋይ) አለ። ዝም ብለሽ እንዳትሄጂ፣ ጫጩት መቼ እንዳላቸው አስቀድመሽ አጣሪ። አንድ ቀን ሐሳብሽን ቀይረሽ ቆሮሶ ከወሰድሽ ወንድ ወንዱን ብቻ ለይተው እንዲሰጡሽ ለምኚያቸው፤ ወንድና ሴት ከተቀላቀለ ይራባል ይራባል፣ ሮቶሽ ጣት በሚያህሉ ዓሣዎች ይሞላና አንዱም ለድስት አይበቃም። ለመንገዱ በኦክስጅን በተነፋ ላስቲክ ያሽጉልሻል። ስትደርሺ ላስቲኩን ሳትፈቺ ሮቶው ላይ ትንሽ አንሳፍፊው፣ ሙቀቱ ሲመጣጠን ነው የሚለቀቁት።

ጋሼ ቧንቧ፦
ሮቶውን ከመቅበርሽ በፊት ማፍሰሻው በየት በኩል እንደሚወጣ ለኪ። ከተቀበረ በኋላ እኔን ብትጠሪኝም ያው ቆፍሪ ነው የምልሽ።