ማዮግሎቢኑ ሞልቷል፣ ሂሙ ግን የለም

ቂሊንጦ ላብ፦
ሰላም ለቤቱ። ማዮግሎቢን (ብረት ያለበትን ቀይ ሂም የሚይዝ የጡንቻ ፕሮቲን) በቢኤል21(ዲኢ3)፣ ማለትም ፕሮቲን በሚመረትበት የኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ዝርያ፣ እያመረትን ነው፤ ሚዲያው ኤልቢ፣ ምርቱን የሚያስጀምረው አይፒቲጂ 1 ሚሊሞላር፣ 37 ዲግሪ፣ 4 ሰዓት። ጄል ላይ ወፍራም ባንድ አለ፤ ፔሌቱ (በሴንትሪፊዩጅ የተጠራቀመው ሴል) ግን ገርጥቷል። ፕሮቲኑን ከሚያጣራው ኒኬል ኮለም በወጣው ላይ የ409 ናኖሜትር የብርሃን መምጠጥ ንባብ (የሂሙ) ለ280ው (ለፕሮቲኑ) ሲካፈል 1 አካባቢ ነው። ሚዲያው ላይ ሄሚን (የተዘጋጀ ሂም) ብንጨምርስ?

ቀይ ፔሌት፦
ውጤቱ ለማዮግሎቢን ከ4 በላይ መሆን ነበረበት፤ አብዛኛው ፕሮቲናችሁ ሂም የሌለው ባዶ ነው። በዚያ ሙቀትና በዚያ አይፒቲጂ ፕሮቲኑ ሂሙን ቀድሞት ይሄዳል። ኢ. ኮላይ ሂም የሚሠራው ከግሉታሜት ተነስቶ ነው፤ ማነቆው መጀመሪያው ላይ፣ አሚኖሌቩሊኒክ አሲድ ጋ ነው። እሱን ከውጭ ስጡት፦ 0.5 ሚሊሞላር፣ ማለትም ለ1 ሊትር የሃይድሮክሎራይድ ጨዉን 84 ሚሊግራም። በውሃ አሟሙታችሁ በ0.22 ማይክሮን ፊልተር አሳልፉት፤ ኦቶክሌቭ አይገባም። ኦዲ (የካልቸሩ ድፍርስነት) 0.6 ሲደርስ ጨምሩና ሼከሩን (ፍላስኩን የሚያናውጠውን ማሽን) ወደ 25 ዲግሪ አውርዱ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ አይፒቲጂ 0.1 ሚሊሞላር፣ ከዚያ 20 ሰዓት። ከኤልቢ ይልቅ የበለጸገው ሚዲያ ቴሪፊክ ብሮዝ ይሻላል። ማቀዝቀዣ የሌለው ሼከር እንኳ በዚህ በቂሊንጦ ብርድ 25ን ይይዛል፤ አዳማ ብትሆኑ አልመክራችሁም ነበር።

ሄሚኑን ተዉት። ቢኤል21 ሂም ከውጭ የሚያስገባበት በቂ መንገድ የለውም፤ ቹኤ የተባለውን ተቀባይ አብራችሁ ካላስመረታችሁት በቀር አብዛኛው ውጭ ይቀራል።

ሶሬ 409፦
ብረቱ ተረሳ! አሚኖሌቩሊኒክ አሲድ በዝቶ ብረት ካነሰ ሴሉ ፕሮቶፖርፊሪን 9 (ብረት ገና ያልገባበት ሂም) ላይ ደርሶ ይቆማል። ፔሌቱ ይቀላል፣ ደስ ይላችኋል፤ ዩቪ መብራት ስር ቀይ ካበራ ግን ብረት አልባ ፖርፊሪን ተጠራቅሟል፤ ሂም አያበራም። ይባስ ብሎ ያ ፖርፊሪን የሂሙን ቦታ ይይዛል፤ በኋላ ማስለቀቁ አበሳ ነው። ፌረስ ሰልፌት 0.1 ሚሊሞላር ጨምሩ፤ ዕለቱን ይዘጋጅ፣ ቡናማ ከሆነ ድፉት። ፍላስኩንም በፎይል ሸፍኑ።

ንባባችሁንም አላመንኩትም። ፕሮቲኑን ከኮለሙ የሚያስለቅቀው ኢሚዳዞል አብሮ ወጥቶ የሂሙን ብረት ይይዝና የ409ኙን የንባብ ጫፍ ወደ 414 አካባቢ ይገፋዋል። በጂ-25 (ትናንሽ ሞለኪውሎችን ከፕሮቲን በሚለይ ኮለም) ኢሚዳዞሉን አውጡትና እንደገና ለኩ።

ቂሊንጦ ላብ፦
እግዜር ይስጥልን። በ20 ሰዓቱ መሃል መብራት ቢሄድስ?

ቀይ ፔሌት፦
ሼከሩ ሲቆም የሚጎዳችሁ ኦክስጅኑ ነው፤ የወፈረ ካልቸር በደቂቃዎች ይጨርሰዋል። ለአጭር ጊዜ ከሆነ በእጅ እያዟዟራችሁ ጠብቁ። ከአንድ ሰዓት ካለፈ በረዶ ውስጥ አስቀምጡት፤ መብራቱ ሲመጣ ሴንትሪፊዩጅ አድርጋችሁ ፔሌቱን አቀዝቅዙ፣ ያለው ይበቃል። ደግሞ 1 ሊትር ፍላስክ ውስጥ ከ200 ሚሊሊትር አትለፉ፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ነን፣ አየሩ ራሱ ስስ ነው።