ባጃጅ ከአስፋልቱ ይውጣ ከመባሉ በፊት ማን ይጠየቅ?

ሰሚር ሄርማታ፦ እስኪ ዛሬ በዚ እንከራከር። ነገ ጅማ ላይ ባጃጅ ከዋናው አስፋልት ይውጣ ቢባል ማን ነው መወሰን ያለበት? እኔ ምለው መጀመሪያ ተራው ሰው ቁጭ ብሎ አማራጮቹን ይይ ነው፣ ይውጣ ወይ ይቆይ ብቻ አይደለም እኮ፣ በሰዓት መገደብ አለ፣ ታፔላ ሰጥቶ በሰፈር መመደብ አለ፣ የቱ ማንን እንደሚጎዳ ይነጋገርበትና ከዛ ይወሰን። ተሰብሳቢው ደሞ በዕጣ ይመረጥ። አየርላንድ እ.ኤ.አ. በ2016 እንደዛ አርገው 99 ሰዎች ሰብስበው ፓርላማው ሚፈራውን የፅንስ ማቋረጥ ጉዳይ አወያዩዋቸው፣ 2018 ህዝበ ውሳኔ ሲደረግ 66.4 በመቶው ህገ መንግስቱ ላይ ያለው ክልከላ ይነሳ አለ።

ጋሽ መኮንን፦ ልጄ፣ ስብሰባ መቼ ቸገረን? አንዴ ተጠርቼ ሄጄ ነበር። 3 ሰዓት የተባለው 5 ሰዓት ተጀመረ፣ አቴንዳንስ ፈርም፣ ውሃህን ያዝ፣ ከዛ በፕሮጀክተር ሲነበብልን ቆየ። ልንወጣ ስንል "ከዚህ ረድፍ ሶስት፣ ከዚያኛው ሶስት ሰው እድል እንሰጣለን፣ አጠር አርጉት" ተባለ። ስድስቱም መድረኩን አመስግነው ጀመሩ፣ አንዱ ብቻ ስለ ቦዩ ጠየቀ፣ መልሱ "እንደ ግብዓት እንወስደዋለን"። በኋላ ስሰማ ህብረተሰቡ ሙሉ ድጋፉን ገልጿል። እኔ ምኑን ደገፍኩ?

የኮቺዋ፦ ሃሃሃ ጋሼ እርሶስ ተጠርተዋል። እኛ ሰፈር ሚጠሩት ሁሌ ያው ናቸው፣ የእድር ዳኛው፣ ሁለት ነጋዴ፣ አርባ አመት ያለፈው "የወጣት ተወካይ"። ጉልት ምትሸጠዋ ግን ሽንኩርቷን ከጅማው መርካቶ በባጃጅ ነው ምታመጣው፣ ቢታገድ መጀመሪያ ምትጎዳው እሷ፣ ማንም አይጠይቃትም። ዕጣውን ምደግፈው ለዛ ነው። ግን በአማርኛ ብቻ ከሆነ ብዙ ሰው ዝም ነው ሚለው፣ በኦሮምኛም ይሁን፣ ባሏ ፊት ማታወራም አለች።

ኢንጂነሩ፦ ይቅርታ ግን ትራፊክ የስሜት ነገር አይደለም። መንገዱ በሰዓት ስንት ተሽከርካሪ ያሳልፋል ሚለው ተቆጥሮ ሚታወቅ ነው፣ ሰው ባጃጅ ስለወደደ አስፋልቱ አይሰፋም። ውይይትማ አቦ በርጫ ላይ ስንቱን ሚኒስትር ሾመን አውርደናል።

ሰሚር ሄርማታ፦ ቁጥሩን አንተ አምጣ፣ ማን ከለከለህ። ግን መጨናነቁ እንዲቀንስ ስንት ሹፌር ስራ ቢፈታ ይሻላል ሚለውን ካልኩሌተር አይመልስም። ሰው አልተማረም ምትሉ ደሞ፣ ኡጋንዳ ቡዱዳና ቡታሌጃ ላይ እ.ኤ.አ. በ2014 ጎርፍና የመሬት መንሸራተት ሚያጠቃቸውን ገበሬዎች፣ ቦታውን ይልቀቁ ወይስ ምን ይደረግ ብለው አወያይተዋል፣ ማንበብ ማይችል ስላለ መረጃውን በቪዲዮ አሳይተው።

ኢንጂነሩ፦ ፈረንሳይስ? 150 ሰው በዕጣ ሰብስበው ስለ አየር ንብረት ወራት አወያዩ፣ ፕሬዝዳንቱ ማክሮን ሃሳባቸውን ያለ ማጣሪያ አቀርበዋለሁ ብሎ አንዳንዱን ጣለው አንዳንዱን አሳሳው። ካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያም እ.ኤ.አ. 2004 ላይ 160 ሰው በምርጫ ስርአት ላይ ወራት ተወያይቶ፣ ያወጣውን ሃሳብ በአመቱ ህዝበ ውሳኔ ላይ 57.7 በመቶው ደግፎት፣ 60 አልሞላም ተብሎ ወደቀ። ልፋ ያለው!

የኮቺዋ፦ እነሱ እኮ ከየምርጫ ክልሉ አንድ ሴት አንድ ወንድ ነው ያወጡት፣ እሱን ዘለልካት።

ጋሽ መኮንን፦ እኔ ውይይት አልጠላም፣ ተወስኖ መጥቶ ተወያዩ መባሉ ነው ሚያናድደኝ። ይሄን ተቀብለናል፣ ያንን በዚህ ምክንያት ጥለናል ብሎ በፅሁፍ ሚለጥፍ ካለ፣ ዕጣው ከወጣልኝ እሄዳለሁ።

ሬድዋን ባጃጅ፦ ተሳፋሪ አውርጄ ነው ማነበው፣ ስለኔ እያወራችሁ እኔን ሚጠይቅ የለም ወላሂ። ሐሙስ ገበያ ቀን ስብሰባ ብውል የባጃጁን ባለቤት ገቢ ማን ያስገባልኛል?

ሰሚር ሄርማታ፦ ካናዳዎቹ ለአንድ የስብሰባ ቀን 150 ዶላር ይከፍሉ ነበር።

ሬድዋን ባጃጅ፦ እንደዛ ከሆነማ ሌሊት ሄጄ በሩ ላይ አድራለሁ።

ጋሽ መኮንን፦ አበል ካለ ቀድሞ ሚመዘገበው ያ አርባ አመት ያለፈው ወጣት ነው።

የኮቺዋ፦ ዕጣ እኮ ነው ጋሼ። ግን ዕጣው ከየትኛው መዝገብ ይውጣ? ከቀበሌ ካላችሁ መታወቂያ ያልተሰጠው ተከራይ የለበትም፣ እኔም የለሁበትም።