የኢንሱሊን ፔፕታይድ ቦንድ 50 ነው 49?

ሰላም ናችሁ? ባዮኬሚስትሪ የገባችሁ እስቲ ተባበሩኝ፣ ፈተና ደርሶብኛል። የአንዱ አሚኖ አሲድ ካርቦክሲል ከሌላው አሚኖ ጋር ሲያያዝ ውሃ ወጥቶ ፔፕታይድ ቦንድ እንደሚፈጠር፣ ፕራይመሪ ስትራክቸር ማለትም የአሚኖ አሲዶቹ ቅደም ተከተል እንደሆነ ገብቶኛል። እስከዚህ ሰላም ነው።

ጣጣው ኢንሱሊን ላይ ነው። የሰው ኢንሱሊን 51 አሚኖ አሲድ አለው፤ አንድ ስንቀንስ 50 ቦንድ መሆን ሲገባው የመልስ ወረቀቱ 49 ይላል። ሰንሰለቱ ሁለት ስለሆነ መሰለኝ፣ ኤ 21፣ ቢ 30፣ ስለዚህ 20 ሲደመር 29። ልክ ነኝ?

ደግሞ ሁለቱን ሰንሰለቶች የሚያያይዙት ሁለቱ የዳይሰልፋይድ ቦንዶች (ሲስቴይን የሚባለው አሚኖ አሲድ ሁለቱ በሰልፈራቸው ሲያያዙ የሚፈጠሩት)፣ እዚያው ኤ ውስጥ ያለው ሦስተኛውም ጭምር፣ ከየትኛው ስትራክቸር ነው የሚቆጠሩት? የክፍሌ ልጆች ግማሹ ፕራይመሪ፣ ግማሹ ተርሸሪ (ሰንሰለቱ ተጣጥፎ የሚይዘው ሙሉ ቅርጽ) እያሉ ጭራሽ ግራ አጋቡኝ (ጉግልማ አይነሳ!)። ፈተና ላይ "ፕራይመሪ ስትራክቸሩን ጻፉ" ቢባል ሲስቴይኖቹን በመስመር ላገናኝ ወይስ የአሚኖ አሲዶቹን ፊደሎች ብቻ ደርድሬ ልለፍ? የቱስ ይቅደም፣ በግሊሲን የሚጀምረው ኤ ወይስ በፌኒልአላኒን የሚጀምረው ቢ? በናታችሁ ምክንያቱን ጨምራችሁ አስረዱኝ፣ መልሱ ብቻ አይጠቅመኝም።