የድሮ ስቲከር ከሱቅ መስታወት ላይ፣ መስታወቱ ሳይሰነጠቅ፣ እንዴት ይነሣል?

የስፌት ባለሙያዋ፦

ቸርችል ጎዳና ላይ፣ ከዋናው ፖስታ ቤት ወደ ማዘጋጃ ቤት ሲወጣ በግራ በኩል፣ ለልብስ ስፌት የሚሆን ሱቅ ተከራይቻለሁ። ከእኔ በፊት ፎቶ ኮፒ ቤት ነበር። የፊቱን መስታወት በውጭ በኩል ከላይ እስከ ታች በስቲከር ሸፍነውት ሄደዋል፤ «ላሚኔሽን»፣ «ጉርድ ፎቶግራፍ»፣ «የትርጉም ሥራ» የሚሉ ቀይና ጥቁር ፊደላት ናቸው። ፀሐይ ስላደረቀው በጥፍር ሲነካ እንደ እንቁላል ቅርፊት ይሰባበራል እንጂ አይላጥም።

መስታወቱ አሮጌ ነው። የቤቱ ባለቤት፣ እትዬ፣ መስታወቱን አባታቸው ያስገቡት እንደሆነ ነግረውኛል። በብረት ፍሬም ላይ በስቱኮ የተያዘ፣ ሰፊ፣ ከጎን ሲያዩት ሞገድ ሞገድ የሚል ነው። ውሉ ደግሞ «መስታወት ቢሰበር ተከራይ ይተካል» ይላል። አንዱ ጎረቤቴ ቤንዚን ይለኛል፤ ሌላው ቀለም ማቅለጫ የሙቅ አየር ማሽን ላምጣልሽ ይለኛል። ለእኔ ብርሃኑ የግድ ነው፤ ጥቁር ጨርቅ ላይ በጥቁር ክር የሚሰፋ ሰው ያለ ቀን ብርሃን አይሆንለትም። ያደረገው ሰው ካለ ይምከረኝ።

ከአራት ኪሎ፦

ምን አስጨነቀሽ? የፈላ ውኃ በጆግ ድፊበትና በስፓቱላ ግፊው። አዲስ አበባ ላይ ውኃ መቶ ዲግሪ ሳይደርስ ስለሚፈላ መስታወት አይጎዳም።

መስታወት ገጣሚው፦

እህቴ፣ የፈላ ውኃውን ተዪው። ከላይ የጻፈው ወንድሜ ስለ መፍላቱ ልክ ነው፤ በእኛ ከፍታ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ነገር ግን መስታወትን የሚሰነጥቀው ሙቀቱ መቶ መድረሱ ሳይሆን አንዱ ክፍል ሞቆ ሌላው ቀዝቃዛ ሆኖ መቅረቱ ነው። ተራ መስታወት በመሃሉና በዳሩ መካከል የ40 ዲግሪ ያህል ልዩነት ሲፈጠር አደጋ ላይ ነው፤ ሲቆረጥ ጠርዙ የተነከሰ ከሆነ ከዚያም ባነሰ ይሰነጠቃል። በታኅሣሥ ጠዋት 10 ዲግሪ ላይ ያለ መስታወት 90 ዲግሪ ውኃ ሲደፋበት ምን እንደሚሆን ሂሳቡን አንቺው ሥሪው።

ዳሩን ደጋግሜ የማነሣው በምክንያት ነው። መሃሉ ሲሞቅ ይሰፋል። በብረቱና በስቱኮው ውስጥ የተደበቀው ጠርዝ ግን ሙቀቱ ስላልደረሰው ባለበት ይቆያል፤ መሃሉም ይወጥረዋል። ስለዚህ የሙቀት ስንጥቅ የሚነሣው ከጠርዝ ነው። መጀመሪያ ከፍሬሙ ቀጥ ብሎ ይወጣና ከዚያ እየተጠማዘዘ ይሄዳል። ድንጋይ የመታው ግን ከተመታበት ነጥብ ዙሪያውን ይበተናል። ደንበኛ «ማንም ሳይነካው ተሰነጠቀ» ብሎ ሲጠራኝ መጀመሪያ የማየው ይህንን ነው።

የቀለም ማቅለጫው ማሽን አፉ ላይ 500 ዲግሪ ሊደርስ ስለሚችል ለዚህ ሥራ አይሆንም። በእጅ የሚያዝ የፀጉር ማድረቂያ ይበቃሻል። ሙጫው ለመለስለስ ብዙ ሙቀት አይፈልግም። መለኪያው መዳፍሽ ነው፤ መስታወቱ ላይ አሳርፈሽ ማቆየት ካቃተሽ ከልክ አልፈሻል። ማድረቂያውን አንድ ስንዝር አርቀሽ ያዢው፤ አንድ ቦታ ላይ አታቁሚው፤ ዙሪያውን እስከ ፍሬሙ ድረስ አዳርሺው። ሞቆ ሳለ ቀዝቃዛ ውኃ አትርጪበት፤ የምታጥቢበት የሳሙና ውኃም ለብ ያለ ይሁን።

ሰዓቱንም ምረጪ። በዚያ በኩል ያሉ ሱቆች ፊታቸው ወደ ምሥራቅ ስለሆነ የጠዋት ፀሐይ ያገኛቸዋል። ማለዳ ግን የሕንፃ ጥላ ግማሹን ይዞ ፀሐይ ግማሹን ይመታዋል፤ ጥቁሩ ፊደልም ከባዶው ቦታ ይበልጥ ይሞቃል። መስታወቱ በራሱ ተወጥሮ ሳለ አንቺ አትጨምሪበት። ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ፣ ሁሉም እኩል ለብ ሲል ጀምሪ።

ስቲከሩን በምላጭ ከመላጥሽ በፊት ደግሞ መስታወቱን በደንብ እጠቢ። በሰሞኑ የመንገድና የሕንፃ ሥራ ምክንያት ከተማው አቧራ ነው፤ አቧራው ውስጥ ያለው አሸዋ መስታወት ይቧጭራል። ብዙ ሰው ምላጩን ይወቅሳል፤ አዲስና ንጹሕ ምላጭ እርጥብ መስታወት ላይ ሲሄድ አይጎዳም፤ የሚጎዳው ከሥሩ የገባው ቅንጣት ነው። ስለዚህ ምላጩን በጣም አጋድመሽ ወደ ፊት ብቻ ግፊው፤ አንሥተሽ መልሺው እንጂ ወደ ኋላ አትጎትቺው። ጠርዙ ሲዶለዱም ወይም ዝገት ሲያሳይ ለውጪው። የተላጠውን ጫፍ ደግሞ ወደ ራስሽ አትሳቢው፤ ወደ ኋላ አጥፈሽ ከመስታወቱ ጋር አስጠግተሽ ሳቢው። ስቱኮው አርጅቶ ከሆነ ወደ ራስ መሳብ መስታወቱን ከቦታው ያነቃንቀዋል።

ቤንዚን በፍጹም አይሆንም። ትነቱ ከማድረቂያው ጋር ሲገናኝ መስታወት ብቻ ሳይሆን ሱቁንም አንቺንም ያሳጣናል።

የስፌት ባለሙያዋ፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ምክርዎን አንብቤ መስታወቱን ሳጥብ ከታች በቀኝ ጥግ፣ ከስቲከሩ ሥር፣ የጣት ርዝመት ያህል ስንጥቅ አየሁ። ከፍሬሙ ቀጥ ብሎ ይወጣና ይታጠፋል። በሩ ደግሞ አዲስ፣ ፍሬም የሌለው ወፍራም መስታወት ነው፤ ጥጉ ላይ ትንሽ ማኅተም አለበት። ያም ስቲከር አለበት።

መስታወት ገጣሚው፦

እንግዲያውስ ሥራውን አሁን አቁሚ። ስንጥቁን ቀኑ በሚታይበት ሁኔታ ፎቶ አንሥተሽ ዛሬውኑ ለእትዬ አሳዪያቸው፤ ከእጅሽ በፊት የነበረ መሆኑን ሁለታችሁም ፈርሙበት። ውሉ ላይ ያነበብሽው ቃል የሚያስፈራኝ እዚህ ላይ ነው። ስንጥቅ ያለበት መስታወት ሙቀትም ግፊትም አይችልም፤ የፀጉር ማድረቂያውም ይቅር። እኔ ብሆን እንዲቀየር ነው የምመክረው፤ እንዲህ ያለው መስታወት ሲወድቅ እንደ ጎራዴ በትልልቅ ቁራጭ ነው፣ ከሥሩም እግረኛ ያልፋል። እስኪቀየር ድረስ ስንጥቁ ላይ ሰፊ ፕላስተር በውስጥ በኩል ለጥፊበት፤ ከውጭ ደግሞ ሰው እንዳይጠጋው ወንበር አቁሚ።

በሩ ቴምፐርድ፣ ማለትም በምድጃ ሙቀት የተጠናከረ መስታወት፣ ነው፤ ማኅተሙ የዚያ ምልክት ነው። ሙቀት ከተራው እጅግ ይበልጥ ይችላል፣ ግን ምላጭ አልወድለትም። በምድጃ ሲያልፍ ዓይን የማያያቸው የመስታወት ብናኞች ፊቱ ላይ ይቀራሉ፤ ምላጩ እነሱን እየጎተተ ረጅም ጭረት ያወጣል። እዚያ በማድረቂያ አሙቀሽ በእጅሽ ወይም በፕላስቲክ ካርድ ላጪው። ጠርዙንም በብረት አትንኪው፤ የቴምፐርድ ደካማ ቦታው ጠርዙ ነው፣ ሲሰበርም ሙሉ በሙሉ ይረግፋል።

ማስታወቂያ ሠሪው፦

የሚተርፈውን ሙጫ በተመለከተ፦ የምግብ ዘይት ቀብተሽ ግማሽ ሰዓት ተዪው፤ ሲለሰልስ በጨርቅ አብሺውና በሳሙና እጠቢው። ግትር ካለ የእጅ ማጽጃ አልኮል ይሠራል፤ ማድረቂያው ተነቅሎ፣ በሩ ተከፍቶ፣ በትንሽ ጨርቅ።

አዲሱን መስታወት ስታስገቢ የራስሽን ጽሑፍ ነጠላ ፊደል አስቆርጪ፤ ግማሹን መስታወት በጥቁር አታሸፍኚው። ሠሪው ርካሹን ስቲከር ከለጠፈልሽ ከጥቂት ዓመት በኋላ ፀሐይ አድርቆት ይሰባበራል፤ ሳይደርቅ፣ ገና ለስላሳ ሳለ፣ አስነሥተሽ በሌላ ተኪው።